የሰይጣን ቡሽ መክፈቻ

ማሳው ላይ የአፈር ቁልል ያየ ገበሬ ፍልፈሉን በዓይኑ ባያየው እንኳ የማን ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም። አሜሪካ ውስጥ በነብራስካ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ ግን ሊቃውንት ቤቱን አይተው ባለቤቱን ማወቅ ተስኗቸው ለዓመታት ተከራክረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1891 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ኧርዊን ባርበር ከገደሉ ፊት ጎልተው የወጡ የድንጋይ ጥምዝምዞችን መረመረ። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። እንደ ብሎን ጥርስ እየዞሩ ቀጥ ብለው ይወርዱና ግርጌያቸው ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን እጅ ይዘረጋሉ። ሰዉ "የሰይጣን ቡሽ መክፈቻ" ይላቸው ነበር፤ ባርበርም ያንኑ ሰይጣን በግሪክኛ አልብሶ "ዳይሞኒሊክስ" አላቸው።

መጀመሪያ የሐይቅ ሰፍነግ መሰሉት፤ ቆይቶ ግዙፍ ተክል ናቸው አለ። ሰውዬው ዝም ብሎ አልገመተም፤ ድንጋዩን ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው እውነተኛ የተክል ህዋስ አግኝቶበታል። በ1893 የፊላደልፊያው ኤድዋርድ ኮፕና የቪየናው ቴዎዶር ፉክስ፣ ሳይመካከሩ፣ "ይህ የአይጥ ወገን ጉድጓድ ነው" ቢሉም ባርበር አልተቀበላቸውም። በ1905 የካርኔጊ ሙዚየሙ ኦላፍ ፒተርሰን ከጥምዝምዞቹ ውስጥ ያገኛቸውን አጽሞች ይዞ መጣ። አጽሞቹ የፓሌዮካስተር ነበሩ።

ፓሌዮካስተር የቢቨር ዘመድ ነው። ግን ዛፍ ገንድሶ ወንዝ የሚገድበውን፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጋውን ቢቨር እርሱት። ይህኛው ከሃያ ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረቅ ሜዳ ላይ የኖረ፣ ጅራተ አጭር፣ ጥፍረ ረጅም፣ ከዛሬው ቢቨር እጅግ ያነሰ ፍጥረት ነው።

የቆፈረው በጥፍሩ ነው ተብሎ ብዙ ተኖረ። በ1977 ላሪ ማርቲንና ዴብ ቤኔት የጉድጓዶቹን ግድግዳ ቀርበው ሲያዩ ግን በጥፍር ጭረት ፈንታ ሰፋፊ ቦዮች አገኙ፤ መሮ እንጨት ላይ እንደሚተወው ዓይነት። የፓሌዮካስተርን የፊት ጥርስ ወስደው እርጥብ አሸዋ ላይ ሲስቡት ያው ቦይ ወጣ። እንስሳው አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን እየጫረ አልነበረም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ እየነከሰ ይዞራል። ለዚህ ነው ጥምዝምዙ ጠብቆ የወጣው፤ ግራ ዞሮ የሚወርድም ቀኝ ዞሮ የሚወርድም አለ። የኛም ፍልፈል ጥርሱን እንደ ዶማ ይጠቀማል፤ ከንፈሩ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም አፈር አይውጥም።

የባርበር የተክል ህዋስስ? ሥሮች ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን እርጥበት ፍለጋ በግድግዳው ዙሪያ ተጠማዘዙ፤ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት ስለነበር ከውሃው ጋር ሲሊካ መጠጡና ወደ ድንጋይ ተለወጡ። ለስላሳው አፈር በዝናብና በነፋስ ሲታጠብ ጉድጓዱ የቆመው በነሱ ነው። ባርበር ተክሉን በትክክል አይቷል፤ የሳተው ባለቤቱን ነው።

ግርጌ ላይ ያለው ክንድ መኖሪያ ክፍሉ ነው። ዘንበል ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎርፍ ቢገባ እንኳ ውሃው ታች ይቀራል። ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ዞዲዮሌስቲስ የሚባል፣ ሙጭልጭላ የሚመስል ሥጋ በል ተጠቅልሎ እንደተኛ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ባለቤቱን በልቶ ይሁን ባዶ ቤት አግኝቶ፣ አጥንቱ አይናገርም።