ጠጠር፣ የመኪና ቀለምና ቪኒል

በኮሮኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና ቆሞ ስናገኝ ጠጋ ብለን የኮፈኑን ጫፍ እንመልከት። ነጠብጣብ ጠባሳ ሞልቶበታል። አንዳንዱ የጤፍ ፍሬ ያክላል፤ አንዳንዱ ምስር ያክላል። ከፊሉ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ከፊሉ ደግሞ ቀልቷል። ግራጫው የላይኛው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ያለው ልባስ ገና እንዳለ ይነግረናል። ቀዩ ግን ላሜራው ተራቁቶ መዛግ እንደ ጀመረ ያመለክታል። ይህን ሁሉ ያደረገው ከመንገድ የተፈናጠረ ጠጠር ነው።

ለብዙ ሰው መኪና እንጀራ ናት። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ባለንብረቱና የሦስቱም ቤተሰብ ከእሷ ይበላሉ። ስለዚህ «ስቲከር አልብሳት፣ ከጠጠር ትድናለች» የሚል ምክር ሲሰማ ባለ መኪናው ጆሮውን ይሰጣል፤ ገንዘብም ያወጣል። በተለምዶ ስቲከር የምንለው ይህ ልባስ ቪኒል ይባላል። ታዲያ ምክሩ እውነት ነው ወይ? ቪኒል ከቀለም ይልቅ ጠጠር ይችላል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ የጠጠሩን ኃይል፣ ቀጥሎም ቀለምና ቪኒል ምን እንደሆኑ እንመልከት።

የጠጠሩ ኃይል

ጠጠር ትንሽ ነው። ነገር ግን ጉዳቱን የሚወስነው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትም አለበት። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ 10 ግራም የሚመዝን ጠጠር ከመሬት ተፈናጥሮ አየር ላይ አለ እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢገጨው፣ ምቱ አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ6 ሳንቲሜትር ከፍታ ቢወድቅ ከሚሰጠው ምት ጋር ይተካከላል። መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሄድስ? ሁለት እጥፍ ይሆናል ብለን እንገምት ይሆናል። አይደለም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። መዶሻው ከ25 ሳንቲሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ማለት ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ፣ ከ57 ሳንቲሜትር ገደማ እንደ ወደቀ መዶሻ ይመታል። ፍጥነት ሲጨምር የምቱ ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋልና ነው።

ልብ እንበል፤ የመዶሻ ራስ ሰፊ ነው። ጠጠር ግን፣ በተለይ ለመንገድ ተብሎ የተፈጨ ኮረት፣ ስለታም ጫፍ አለው። ያ ሁሉ ኃይል በመርፌ ጫፍ ልክ ባለች ቦታ ላይ ያርፋል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ጎማ ጠጠሩን ወደኛ ወርውሮት ከሆነም የጠጠሩ ፍጥነት በእኛ ፍጥነት ላይ ይደመራል።

ቀለም እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይሰበራል?

የፋብሪካ ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። አራት ልባሶች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። መጀመሪያ የመኪናው አካል በሙሉ ፈሳሽ ቀለም ባለበት ገንዳ ውስጥ ይጠልቃል፤ በኤሌክትሪክ ኃይልም ቀለሙ ላሜራው ላይ፣ ስንጥቁና ጓዳው ሁሉ ሳይቀር ይጣበቃል። ዋናው የዝገት መከላከያ ይህ ነው። በዚያ ላይ ገጽን የሚያስተካክልና የጠጠር ምት የሚያበርድ ሁለተኛ ልባስ ይረጫል። ሦስተኛው ዓይናችን የሚያየው ቀለም ነው። አራተኛው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚያብለጨልጭ የላይ ልባስ ነው። እነዚህ ሁሉ በምድጃ ውስጥ ይጋገራሉ።

የአራቱ ጠቅላላ ውፍረት ስንት ይመስለናል? በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። እንግዲህ በመኪናዋ ላሜራና በጠጠሩ መካከል ያለው ነገር ከአንድ ወረቀት ብዙም የማይበልጥ ነው።

የተጋገረ ቀለም ጠንካራ ነው፤ በቀላሉም አይጫርም። ነገር ግን ብዙ አይለጠጥም። ጠጠር ሲመታው ከላይ በጠጠሩ፣ ከሥር በላሜራው ተጨምቆ ይሰነጠቃል፤ መያዣው ከላላበት ቦታም እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቅርፊቱ ከመጀመሪያው ልባስ ጋር ከተነሳ ላሜራው ይራቆታል። ውሃና አየር ብረቱን ሲያገኙት ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በዙሪያው ያለውን ደህና ቀለም ከሥሩ እየገፋ ያነሳዋል። በዚህ ምክንያት ምስር ያክል የነበረው ጠባሳ እያደር ሳንቲም ያክላል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቀለሙ ቢላጥም አይዝግም፤ እዚያ ላይ ያለው ጉዳት የመልክ ብቻ ነው።

የመኪና አምራቾች ቀለማቸውን የሚፈትኑት ራሱን ጠጠር በመወርወር ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ ኤስ ኤ ኢ ጄ 400 ይባላል። ከ9.5 እስከ 16 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር በታመቀ አየር ኃይል በተቀባ ላሜራ ላይ ይረጫል። ከዚያ ጠባሳዎቹ ይቆጠራሉ፤ ከ1 ሚሊሜትር የሚያንሱት፣ እስከ 3፣ እስከ 6 የሚደርሱትና ከዚያ የሚበልጡት በአራት ደረጃ ይለያሉ። እንግዲህ ከጠጠር ፈጽሞ የማይጎዳ ቀለም አለ ብሎ የሚጠብቅ አምራች የለም፤ ጥያቄው ምን ያህል ተጎዳ የሚለው ነው።

ቪኒል ምንድን ነው?

ቪኒል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ዋልዶ ሴሞን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፣ ይህን ፕላስቲክ ከሌላ ፈሳሽ ጋር አሙቆ ሲያዋህደው እንደ ጎማ የሚለመጥ ነገር አገኘ። የሚፈልገውን ማጣበቂያ ባያገኝም የዛሬው ልስልስ ቪኒል ከዚያ ተነሳ።

ለመኪና የሚለበሰው ቪኒል በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ፈሳሹን በስሱ አፍስሶ በማድረቅ ነው፤ እንጀራ ምጣድ ላይ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ሁለተኛው በጋሉ ብረቶች መካከል እየዳመጡ ማሳሳት ነው፤ የዳቦ ሊጥ እንደሚዳመጠው። የተዳመጠው ወፈር ይላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ዳሩ ግን ተለጥጦ የተሠራ በመሆኑ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ቀድሞው መጠኑ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጠርዙ ይሸሻል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይም ይነሳል። የፈሰሰው ስስ ቢሆንም በተለጠፈበት ይረጋል። እንግዲህ «ወፍራም ስለሆነ ይሻላል» የሚለው ነገር ሁልጊዜ አይሠራም።

ጥሩ የሚባለው የፈሰሰ ቪኒል ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ማጣበቂያው ሲጨመርበት ወደ 80 ወይም 90 ይደርሳል። ከዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀለሙ ከ100 እስከ 150፣ ቪኒሉ ከነማጣበቂያው 90። ለካስ «ጋሻ» የተባለው ነገር ይጠብቀዋል ከተባለው ቀለም የሳሳ ነው!

ሁለቱ ሲወዳደሩ

ይህን ስንል ቪኒል ምንም አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ቀለም ደረቅ ነው፤ ቪኒል ልስልስ ነው። ልስልስ ነገር ምትን በመጠኑ ያበርዳል። በመሆኑም አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠር፣ የእሾህ ቅርንጫፍና በዝግታ የሚነካካ ነገር ሁሉ ቪኒሉን ይጭረው እንደሆነ እንጂ ከሥሩ ያለውን ቀለም አያገኘውም። በዚህ በኩል ቪኒል ይረታል።

ስለታም ኮረት በፍጥነት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድም ቪኒሉ ይበሳል። አሊያም ቪኒሉ ሳይበሳ ምቱ አልፎ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ሲሆን ቪኒሉ ቅርፊቱን በቦታው ይዞ፣ ውሃም ከልክሎ ለጊዜው ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ ጥቅም ነው። የተበሳ እንደሆነ ግን በቀዳዳው አቧራና ውሃ ይገባል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ መኪናዋ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ስትታጠብ ደግሞ ይቀደዳል።

ጥገናውም ይለያያል። ቀለም ላይ የወጣ ጠባሳ ተጠርቶ፣ በቀጭን ብሩሽ ተቀብቶ ሊደፈን ይችላል። የተበሳ ቪኒል እንደዚያ አይደፈንም። ቢለጠፍበት እራፊው ያስታውቃል፤ ደህና መልክ የሚፈልግ ሰው የኮፈኑን ቪኒል በሙሉ ማስቀየር አለበት።

ዕድሜን በተመለከተም ቪኒል ከቀለም ያንሳል። ልስልስ ያደረገው ውሁድ በፀሐይና በሙቀት ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የነበረው ምት የማብረድ ችሎታም ይጠፋል። ፀሐይ ቀጥ ብላ የምታርፍባቸው ኮፈኑና ጣሪያው ቀድመው ያረጃሉ፤ አምራቾችም ለእነዚህ ቦታዎች የሚሰጡት ዋስትና ከጎኑ ያጠረ ነው። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ በደጋው አገራችን ቪኒል ፋብሪካው ከገመተው ቀድሞ ቢደክም ሊደንቀን አይገባም።

ለጠጠር ተብሎ የተሠራው ልባስ

ቪኒልን የሚመስል፣ ግን ሌላ የሆነ ልባስ አለ። ዩሬቴን ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ልባስ ቀድሞ የተለጠፈው የሄሊኮፕተር ሽክርክሪት ክንፎችን አሸዋ እንዳይበላቸው ነበር፤ ኋላ ወደ መኪና መጣ። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ተለጥጦ የመመለስ ችሎታው ከቪኒል ይበልጣል። በአንዳንዱ ላይ የሚታይ ቀላል ጭረት ፀሐይ ወይም ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ይጠፋል። ከጠጠር ለመከላከል የተሠራው ይህ ነው። ይህም ቢሆን ትልቅ ድንጋይ አይችልም፤ ዋጋውም ከቪኒል በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ብዙዎች መኪናውን በሙሉ ሳይሆን ፓራውልቱን፣ የኮፈኑን ጫፍና ከጎማው ኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ያለብሳሉ።

ከቪኒል ሥር የሚደበቀው

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ጠባሳ ያለባትን መኪና ጠባሳው ሳይታከም ቪኒል ማልበስ ነው። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ከሥሩ ግን ዝገቱ ሥራውን አያቆምም፤ ባለቤቱም አያየውም። ቪኒሉ አብጦ ሲያስታውቅ ላሜራው ተበልቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ብሩሽ አይበቃም፤ ቆርጦ መበየድ፣ ስቱኮ መለሰንና እንደገና መቀባት ይመጣል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ቪኒል ለብሳ ስትቀርብለት «ከሥሩ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በጋራዥ እንደገና የተቀባ ቀለምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደንብ ሳይጣበቅ የቀረ ከሆነ ቪኒሉ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። የፋብሪካ ቀለም ግን በአግባቡ በሙቀት እየተለሰለሰ ቢላጥ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይሆናል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከመግዛታችን በፊት ሻጩን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ቪኒል ነው ወይስ ዩሬቴን? የፈሰሰ ነው ወይስ የተዳመጠ? ውፍረቱ የሚላጠውን ወረቀት ሳይጨምር ስንት ማይክሮን ነው?

2ኛ/ ቀለም ለመለወጥ፣ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ወይም ከቀላል ጭረት ለመጠበቅ ከሆነ ቪኒል ይበቃል። ለኮሮኮንች መንገድ ብለን ግን ገንዘባችንን አናፍስበት።

3ኛ/ ከፊት ከሚሄድ ከባድ መኪና እንራቅ፤ ኮሮኮንች ላይ ፍጥነት እንቀንስ። ከ80 ወደ 40 ዝቅ ማለት የጠጠሩን ምት በአራት ይከፍለዋል። ይህን የሚያደርግ ቪኒል አልተሠራም፤ ወጪም የለውም።

4ኛ/ ከጎማ ኋላ የሚንጠለጠለው ላስቲክ ከወደቀ እናስተክለው። የራሳችንን ጎማ ጠጠር ከራሳችን ላሜራ፣ እንዲሁም ከኋላችን ከሚመጣው ሰው መስታወት ይከላከላል።

5ኛ/ መኪናዋ በታጠበች ቁጥር የኮፈኑን ጫፍ እንይ። አዲስ ጠባሳ ካለ ዝገቱን ጠርገን፣ አድርቀን፣ መጀመሪያ የዝገት መከላከያ፣ ቀጥሎ ቀለም እንቀባው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ቪኒል ለመኪና ልብስ ነው። ልብስ ያምራል፤ ከአቧራና ከጭረትም ይከላከላል። ድንጋይ ለሚወረወርበት ሰው ግን ልብስ ደርቦ ከመቆም ይልቅ ፈቀቅ ማለት ይሻለዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመኪና ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የጠጠር ምት ስንት እጥፍ ይሆናል?
2. ግራጫና ቀይ ጠባሳ ምንና ምን ያመለክታሉ? የትኛው ቶሎ መታከም አለበት?
3. ቪኒል ከቀለም የሚሻለው በምን ላይ ነው? የሚያንሰውስ በምን ላይ ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ መኪናቸው ላይ ጠጠር አብዝቶ የሚመታው የትኛውን ክፍል ነው? ለምን ይመስላችኋል?