ድምፁ የጠፋው ቤዝ ጊታር እንዴት ይድናል?

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዚህ ወር ጽሑፍ ስለ ቤዝ ጊታር ነው። «እኛ ክራር እንጂ ጊታር የት አለን?» እንዳትሉ፤ አሁን አንድ አለን። ክራር ያላችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ግማሹ ለክራርም ይሠራል።

በመጀመሪያ ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር ይለያል። ተራው ጊታር ስድስት ክር ሲኖረው ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ አራት ብቻ ነው ያለው። ክሮቹ ወፍራም ናቸው፣ አንገቱም ረዘም ይላል። ዜማውን አይደለም የሚጫወተው፤ ከሥር ሆኖ «ዱም ዱም» እያለ ዘፈኑን የሚሸከመው እሱ ነው። ሰርግ ቤት ስትሄዱ ገና ከድንኳኑ ሳትደርሱ ደረታችሁን የሚመታው ድምፅ አለ አይደል? እሱ ነው። (ዛሬ ዛሬ ብዙ ቦታ ኪቦርድ ነው የሚያወጣው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አንድ አይደለም።)

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቤዝ ጊታር ለገበያ አቅርቦ በዓለም እንዲታወቅ ያደረገው ሊዮ ፌንደር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1951 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቤዝ ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ ቆመው የሚጫወቱት ትልቅ ሣጥን ነበር። በአገራችንም ዘመናዊ ባንዶች ሲበዙ ቤዝ ጊታር አብሮ ገባ። ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሠርቶታል። የዚያ ባንድ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነው። ቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለ ዘፋኙን ትታችሁ ከሥር ያለውን ብቻ ለመስማት ሞክሩ፣ ሌላ ዘፈን የሰማችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ወደኛው እንምጣ። በደርግ ጊዜ በየቦታው የኪነት ቡድን ነበር። ከአንዱ ቡድን የቀረ ቤዝ ጊታር አንድ የሰፈራችን አባት ቤት ለብዙ ዓመት ቆጥ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ቤተሰቡ ለቆራሌው ሊሸጠው ሲል ሰማን። ቆራሌው የሚገዛው ብረቱን በኪሎ ነው፤ እንጨቱ ያው ለማገዶ። ለወላጆች ቀን ከክራርና ከከበሮ በቀር ምንም ስለሌለን ሄደን ለመንናቸው። አባባም «ከጮኸላችሁ ትምህርት ቤት ይቅር፣ ካልጮኸ ግን መልሱት» አሉን። የሦስት ሳምንት ጊዜ ነበረን።

ለመጠገን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ክራር ገበቴ አለው፤ ክሩ ሲመታ ገበቴውና ቆዳው አብረው እየነዘሩ ድምፁን ያጎሉታል። የኛ ቤዝ አካል ግን ድፍን እንጨት ነው። ኤሌክትሪክ ከሌለ እንደ ሹክሹክታ ነው የሚሰማው። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ፦ ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ይህን ሕግ ማይክል ፋራዴይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው፤ የብስክሌት ዲናሞም በዚሁ ሕግ ነው የሚያበራው። ያ ትንሽ ፍሰት በገመድ ወደ አምፕሊፋየር ሄዶ ይጎላል። ስለዚህ የናይለን ክር ብናስርበት ምንም አይሰማም፤ ማግኔት ናይለንን አያውቀውም።

ሁላችንም መጀመሪያ ያልነው «ቀለሙን ፍቀን እንቀባው» ነበር። እዚሁ ከተማችን ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚሠሩት ጋሼ ግን ሳቁብን። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ይናገር፣ ከዚያ ይለብሳል» አሉ። እውነትም የድሮ ጊታር ቀለሙ ቢሰነጣጠቅም ድምፁን አይጎዳም፤ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ግን በየቀዳዳው ይገባል። ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚፈልጉ ሰዎች የመጀመሪያው ቀለም ያለበትን ነው የሚወዱት።

ለማጽዳት የተጠቀምነው በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ፣ ለጥጋጥጉ ደግሞ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አይነካውም! ከሽቦው የሚረግፈው ብናኝ ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ አይወጣም። እንጨቱ እንዲያበራ ቅቤ ይቀባ ያለም ነበር፤ ቅቤ ይከረፋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ድምፁ የጠፋበት ምክንያት ሲገኝ በጣም ትንሽ ነገር ሆነ። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ውስጥ አንዷ ሽቦ ከሊዷ ተላቃ ተንጠልጥላለች። ጋሼ በሊድ መልሰው በየዷት። ድምፅ መቀነሻና መጨመሪያው ሲዞር «ኽርርር» ይል ነበር፤ ውስጡ አቧራና ዝገት ስለያዘው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ርጭት ነፉበትና ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዟዟሩት፣ ጠራ። በናፍጣ ወይም በቤንዚን መሞከር ግን ፕላስቲኩን ሊያበላሽና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወፍራምና ቀጭን ድምፅ የሚመርጠው ሌላው ቁልፍ አሁንም አይሠራም፤ ያለሱም ይጫወታል።

ከባዱ አንገቱ ነው። አራቱ የቤዝ ክሮች ሲወጠሩ አንገቱን የሚስቡት ኃይል ተደምሮ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። አስቡት፣ አንድ ኩንታል ሊሞላ 20 ኪሎ የቀረው ጤፍ ቀንና ሌሊት እንደጎተተው ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ክሩ ሳይላላ ስለተቀመጠ አንገቱ ወደ ፊት እንደ ቀስት ጎብጧል። ክሮቹ ከጣት መጫኛው ርቀው ስለቆሙ ሁለት ጣት አጋጥመን ብንጫን እንኳ ይከብድ ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ አንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ጋራዥ ቤት በማይጠፋ ቁልፍ የሚዞር ብሎን አለ። ሲጠብቅ ዘንጉ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህን የሠራልን ባሕር ዳር ባንድ ውስጥ የሚጫወት የአንዷ ጓደኛችን ወንድም ነው። አዲስ ክርም ይዞልን መጣ፤ የድሮው ዝጎ ጣት ያቆሽሽ ነበር። እሱ እንዳሳየን ብሎኑ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። ሩብ ዙር፣ ከዚያ እስከ ነገ መጠበቅ፤ እንጨት ቶሎ አይታዘዝም። ቸኩሎ ያዞረ ሰው ዘንጉን ይበጥሳል፣ ያኔ ጊታሩ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። እኛ አራት ቀን ፈጀብን። በየቀኑ የተለካው እንዲህ ነው፦ ክሩን አንገቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ባንድ ጊዜ መጫን፣ ከዚያ መሐሉ ላይ በክሩና በብረት መስመሩ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት። አንድ ቀጭን ካርድ ካለፈ ይበቃል። ጭራሽ ቀጥ ካለም ጥሩ አይደለም፣ ክሩ ሲርገበገብ ብረቱን እየነካ ይንዛዛል።

አሁን ሒሳብ መጣ፣ ክፍልፋይ የማትወዱ ታገሡ። አንገቱ ላይ የተሰለፉት የብረት መስመሮች ፍሬት ይባላሉ። ከራስጌው እስከ ግርጌው ማረፊያ ድረስ ክሩ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 43 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው። ክር በግማሽ ሲያጥር የሚርገበገበው እጥፍ ነው፤ ያው ድምፅ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይሰማል። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ተከታዮቹ 55፣ 73 እና 98 ጊዜ። ወፍራሙን 5ኛው ፍሬት ላይ ብትጫኑት የቀረው ርዝመት ሦስት አራተኛ ነው፤ ድምፁም ከሁለተኛው ክር ጋር እኩል ይሆናል። 41ን በ4 አባዙና ለ3 አካፍሉ፣ 55 ገደማ ይመጣል። ያለ ማሽን የሚቃኘውም በዚህ ነው።

ነገር ግን ጣት ክሩን ሲጫነው ትንሽ ይወጥረዋል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክር ግርጌው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትሄድ ማረፊያ አለችው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርጎ መምታት፣ ቀጥሎ ተጭኖ መምታት፤ የተጫነው ከቀጠነ ማረፊያዋን ወደ ኋላ መሳብ፣ ከወፈረ ወደ ፊት መግፋት። ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ ነው። የኛው ወፍራሙ ክር ብቻውን ግማሽ ሰዓት ወሰደ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከሁሉም በላይ ልብ የሚባል ነው። ለመሞከር የተዋስነው አሮጌ አምፕሊፋየር ሶኬቱ ላይ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ተቆርጧል። ጋሼ ሲያዩት «ይሄ ካልተሠራ ማንም አይሰካውም» ብለው ነቀሉት። ለምን? የጊታሩ ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ብረቱን ከነካ 220 ቮልቱ ቀጥታ ወደ ተጫዋቹ ጣት ይመጣል። የመሬት ሽቦው ካለ ግን ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፣ ቆጣሪውም ይዘጋል። እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ ማይክ በአንድ እጁ፣ ክር በሌላው የያዘ ልጅ ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ነው። የወላጆች ቀን የሚውለው ሰኔ ላይ፣ ሜዳው በረጠበበት ጊዜ መሆኑን አትርሱ። አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም ተማሪ አይከፍተውም። የሰማችሁ ለታናናሾቻችሁም ንገሩ። ጋሼ አዲስ ገመድ ከነመሬት ሽቦው ካስገቡ በኋላ ነው የተሰካው። ጮኸም! አባባም ሰምተውት «ይቅር» አሉ።

ከክራሩ ጋር ሲገናኙ አንድ ክርክር ተነሣ፦ ማን ወደ ማን ይቃኝ? ክራር እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍም ዝቅም ብሎ ይቃኛል። የቤዙ ፍሬት ግን የተተከለ ነው። ስለዚህ ክራሩ ወደ ቤዙ መጣ። ለትዝታ ቅኝት ክራሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲል ቤዙ ለጊዜው ዶ እና ሶል ብቻ ይበቃዋል። ለባቲና ለአምባሰል ገና እየተለማመድን ነው።

ለክራር ባለቤቶች፦ ክራራችሁን ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ክሩን ትንሽ አላሉት፤ ቀንበሩና ቆዳው ያርፋሉ። ፀሐይ ላይም ምድጃ አጠገብም አትስቀሉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ቤዙን የሚለማመዱ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው ይያዙት፣ ሲጨርሱ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የእጅ ላብ ነው የሚያዝገው። ጨርቁ ሳጥኑ እጀታ ላይ ታስሯል፣ ለጥቁር ሰሌዳ እንዳትወስዱት።