አራት መቶ ሰው የሚችል የባሕር ጉያ

ከፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ከማርሴይ ተነስቶ እስከ ካሲ ድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነጭ የበሃ ድንጋይ ገደል ነው። ገደሉ እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ ባሕሩን ወደ ውስጥ ያስገባል። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠጠራማ ዳርቻ፣ ከፊቱም ወለሉ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ አለ። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን የባሕር ጉያ ካላንክ ይለዋል። ከካላንኮቹ አንዱ ሱዢቶን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በአውሮፓውያኑ የበጋ ወራት ሱዢቶን ወርዶ መዋል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ በቀን የሚፈቀደውም ለ400 ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሕዝብ በሚበዛባቸው ቀናት እስከ 2,500 ሰው ይወርድበት ነበር። ብዙ መንገደኛ ይህን ቁጥር ሽርሽሩን ሊያበላሽበት የመጣ የቢሮ ሥርዓት አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የቀኑ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከዚሁ ቁጥር ነው ባይ ነኝ። ካላንኩን ውብ ያደረጉት ነገሮች ራሳቸው ጠባብ፣ የተጎዳበትንም ለመተካት እጅግ የዘገየ አድርገውታል።

ነገሩን ከድንጋዩ እንጀምር። ይህ በሃ ድንጋይ ከ100 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ወለል ላይ ከተከማቸ የባሕር እንስሳት ቅሪት የተሠራ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በሃ ድንጋይን ቀስ በቀስ ያሟሟል፣ ስንጥቁንም ያሰፋል። ከ6 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ሜዲትራኒያን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው በር ተዘጋበትና አብዛኛው ውኃው ተነነ። ከወለሉ ሥር ዛሬም ድረስ ወፍራም የጨው ንጣፍ አለ። የእኛ የደናክል ጨው የተገኘውም በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረው ረባዳ ከባሕሩ ተቆርጦ ቀረና ውኃው ተንኖ ጨው ሆነ። ሜዲትራኒያን ያን ያህል ዝቅ ሲል በዳርቻው ያሉ ወንዞችና ጅረቶች አዲሱን ዝቅታ ለመድረስ ድንጋዩን ወደ ታች እየቆረጡ ጥልቅ ሸለቆዎችን አወጡ። ኋላም ባሕሩ ተመልሶ ሞላ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን የባሕሩ ጠለል በአንድ ቦታ አልረጋም። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በበረታበት ወቅት፣ ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ ውኃው በምድር ሰሜን በበረዶ መልክ ታስሮ ስለነበር የባሕር ጠለል ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬ የምንዋኝባቸው ካላንኮች ያን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሄድባቸው ደረቅ ሸለቆዎች ነበሩ። ለዚህም ማስረጃው በሱዢቶን አጠገብ ሞርዡ በሚባለው፣ ወደ ባሕሩ በገባው የገደል አፍንጫ ሥር ተቀምጧል። አንሪ ኮስኬር የተባለ ጠላቂ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባሕሩ ጠለል 37 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚጀምር መተላለፊያ አግኝቶ ወደ አንድ ዋሻ ገባ፤ ግኝቱ በይፋ የታወቀው በ1991 ነው። በዋሻው ግድግዳ ላይ ከ27,000 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የእጅ አሻራዎች አሉ፤ ፈረሶች፣ አቆስጣዎች፣ እንዲሁም ፔንግዊን የሚመስል ዛሬ ከምድር የጠፋ ወፍም ተስለዋል። ሠዓሊዎቹ ወደ ዋሻው የገቡት በደረቅ መሬት ተራምደው ነው። ባሕሩ ከፍ ሲል በሩን ደፍኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ ታሪክ ለሽርሽር ምን ይፈይዳል? መልሱ ካላንክ ባሕር የገባበት ሸለቆ እንጂ ተራ የባሕር ዳርቻ አለመሆኑ ላይ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ አፉ ጠባብ ነው፣ ከኋላው ዓመቱን ሙሉ አሸዋና ደለል የሚያመጣለት ወንዝ የለውም። ውኃው የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚያደፈርስ ጭቃ አይመጣበትም፤ ሜዲትራኒያን በጠቅላላው ንጥረ ምግብ የሚያንሰው ባሕር ስለሆነም ውኃን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ጥቂት ናቸው። ነጩ ወለል ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቀው ፎቶ ላይ የምናየው ሰማያዊ ይወጣል። ሆኖም የወንዝ አለመኖር ለውኃው ጥራት ሲሆን ለዳርቻው ግን እጦት ነው። በረጅም አሸዋማ ዳርቻ ከአንድ ቦታ የተወሰደውን አሸዋ ሞገዱ ከጎረቤት ያመጣለታል። በገደል የታጠረ ጉያ ግን ጎረቤት የለውም፤ ያለው ጠጠር ከራሱ ግድግዳ የወደቀው ብቻ ነው። በጣሊያኗ የሰርዴኒያ ደሴት አሸዋና ጠጠር ይዞ የሚወጣ ሰው ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ የሚቀጣበት ሕግ በ2017 የወጣው ከዚህ ስሌት አንጻር ሲታይ የተጋነነ አይደለም። በዚያው አገር በቡደሊ ደሴት ያለው ሮዝ ቀለም ያለው ዳርቻ ከ1994 ጀምሮ ለሰው ዝግ ነው።

ሜዲትራኒያን ሌላም ጠባይ አለው፦ ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላውና የሚጎድለው በጣም ጥቂት ነው፤ በማርሴይ በኩል ልዩነቱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ ሰው የጣለውንና የረገጠውን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያጥበዋል። ጉያ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ግን ነፋስ ወይም ሰው እስኪያነሣው ድረስ እዚያው ይከርማል።

ከውኃው በታች ደግሞ ፖሲዶንያ የሚባል የባሕር ሣር አለ። አልጌ አይደለም፤ ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያለው ተክል ሲሆን ይህ ዝርያው ከሜዲትራኒያን ውጭ አይበቅልም። ለዓሣ መራቢያ ነው፣ አሸዋውን በሥሩ ይዞ ያቆየዋል፣ የሞገዱን ጉልበት ያበርዳል። በመከር የሚረግፈው ቅጠሉ በዳርቻው ላይ ሲከመር ለብዙ ጎብኚ ቆሻሻ ይመስለዋል፤ የክረምቱ ማዕበል ጠጠሩን ጠርጎ እንዳይወስድ የሚከላከለው ግን ያ ክምር ነው። ፖሲዶንያ ወደ ጎን የሚስፋፋው በዓመት በጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ አንድ የመርከብ መልህቅ በደቂቃ የነቀለውን ለመመለስ አሥርት ዓመታት ይወስድበታል። ፈረንሳይ በ2019 ከ24 ሜትር ጀምሮ ያሉ ጀልባዎች በዚህ ሣር ላይ መልህቅ እንዳይጥሉ የከለከለችው ለዚህ ነው።

የሱዢቶን ዋነኛ ጉዳት የደረሰው ግን ከባሕሩ ይልቅ በየብሱ ላይ ነው። በበሃ ድንጋዩ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ እሱን ጨምድደው የያዙት የፓይን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ሰው መንገዱ ሲጠብበው፣ ጥላም ሲፈልግ ወደ ጎን እየወጣ ይረግጣል። የተረገጠ አፈር ይጠቀጠቃል፣ ዘር አይበቅልበትም፣ የበጋው ድርቀት ያበናዋል፤ በመከር የሚወርደው ድንገተኛ ዶፍ ደግሞ ጠርጎ ወደ ባሕር ይከተዋል። በሱዢቶን የዛፎቹ ሥር ከመሬት በላይ ተገልጦ የሚታየው ይህ ሂደት ብዙ ስለገፋ ነው። በ2012 የተቋቋመው የካላንክ ብሔራዊ ፓርክ ኮታውን ከማውጣቱ በፊት በ2021 ጎብኚን ለመቀነስ ሞክሮ ነበር፦ የተጨናነቁ ዳርቻዎችን ፎቶ እያሳየ፣ መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑን እየተናገረ። ምክር ብቻውን ላልፈታው ችግር በቀጣዩ ዓመት ቁጥር ተቆረጠለት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ገደሉን የሠራው መሸርሸር ራሱ አይደለም ወይ? የሰርዴኒያው ጎሎሪትዜ የተባለው ዝነኛ ዳርቻ በ1962 በደረሰ የድንጋይ ናዳ የተፈጠረ ነው። በግሪክ ዛኪንቶስ ደሴት ባለው ናቫዮም በ2018 ከገደሉ ተገምሶ የወደቀ ድንጋይ ሰዎችን አቁስሏል፤ ማንም ረግጦ አላወረደውም። እውነት ነው፤ ተፈጥሮ ገደልን ታፈርሳለች። ነገር ግን ናዳ ለዳርቻው ድንጋይ ሲጨምርለት እግር የሚወስደው አፈር ነው። ድንጋዩ ወድቆ ጠጠር ይሆናል፤ በሃ ድንጋይ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር እስኪፈጠር ግን መቶዎችና ሺዎች ዓመታት ያልፋሉ። ሁለቱን በአንድ ስም መሸርሸር ብለን ስለጠራናቸው ብቻ አንድ አይሆኑም። 400 የሚለው ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ፣ 350 ወይም 500 ሊሆን ይችል እንደነበር እቀበላለሁ። 2,500 ግን ሊሆን አይችልም፤ ክርክሩም በዚህ መካከል ነው መቆም ያለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። የፈረንሳይ ሕግ ባሕርና ዳርቻው የሁሉም ነው ይላል፤ ለማርሴይ ድሃ ሠፈሮች ደግሞ ካላንክ ገንዘብ የማይጠየቅበት የዕረፍት ቦታ ነው። ምዝገባ በስልክና በኢንተርኔት ሲሆን ቀድሞ የሚያገኘው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የተነደፈበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል፦ ምዝገባው በነፃ ነው፣ ሲጀመርም የተከፈተው ከጉብኝቱ ሦስት ቀን በፊት ብቻ ነው። ከወራት በፊት ቦታ የሚቀራመት አስጎብኚ በዚህ አይጠቀምም፤ የሐሙስን አየር አይቶ ለእሑድ የሚወስን የከተማው ነዋሪ ይጠቀማል። በዋጋ ቢገደብ ኖሮ ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል በሆነ ነበር። ሳይመዘገብ የወረደ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት 68 ዩሮ ነው።

ቦታ የተገኘለት ሰው ቀሪውን ዕቅድ ከነፋስና ከፀሐይ ጋር መማከር ይኖርበታል። ከሮን ሸለቆ የሚወርደው ሚስትራል የተባለው ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሰማዩን ጠርጎ ያጠራል፤ ተጓዡም ዛሬ ነው እንጂ ይላል። ያው ነፋስ ግን ሞቃቱን የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋዋል፣ በምትኩም ቀዝቃዛው ከጥልቁ ይወጣል፤ የውኃው ሙቀት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአምስት ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ከዚህም በላይ ሚስትራል ሰደድ እሳትን ያፋፍማል። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ተራሮቹ መግባት የሚፈቀደው በየቀኑ በሚወጣው የእሳት ስጋት ደረጃ ነው፤ ደረጃው በዋዜማው ማታ ይገለጻል፣ ቀይ ከሆነ ምዝገባ ያለውም አይገባም። ስለዚህ ከዋዜማው መግለጫ በፊት የተቆረጠ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። የማርሴይ ፀሐይ በበጋ አናት ላይ የምትደርሰው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡40 ገደማ ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፣ ነጩ ድንጋይም ጨረሩን ከታች ይመልሰዋል። ከሉሚኒ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሱዢቶን በእግር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ መውረዱ ይቀላል፣ ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለሱ፣ ሰውነት በፀሐይና በጨው ከደከመ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ የለም። በማለዳ መውረድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ መያዝ፣ መልሱን ፀሐይ ከበረደች በኋላ ማድረግ ይሻላል።

የቀረው ተቃውሞ ኮታው ሰውን ወደ ሌሎች ካላንኮች ይገፋል የሚለው ነው። ይገፋል፤ ይህ ግን ገደቡን ወደ ሌሎቹም ለማስፋት እንጂ ከሱዢቶን ለማንሣት ምክንያት አይሆንም። ቦታ ላጣ ሰው ማርሴይ ሌላ አማራጭ አላት። በከተማዋ ውስጥ ያሉት የፕራዶ ዳርቻዎች በ1970ዎቹ ከመሬት ውስጥ ባቡር ቁፋሮ በወጣ አፈርና ድንጋይ ባሕሩ ተሞልቶ የተሠሩ ናቸው። ሻወርና መጸዳጃ አላቸው፣ በበጋም ነፍስ አድን ጠባቂ ይቆምባቸዋል፤ ሞገድ ጠጠራቸውን ቢወስድ በጭነት መኪና ሌላ ይመጣላቸዋል። ልጆች ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ፣ ሚስትራል በሚነፍስበት ወይም ተራራው በተዘጋበት ቀን፣ እኔ የምመርጥለት እነዚህን ነው።