የሕፃናትን እድገት ከሩቅ ሆኖ ስለ መመርመር

ሕፃን የሚያድገው በቁመቱና በክብደቱ ብቻ አይደለም። መስማት፥ መቀመጥ፥ መሄድ፥ መናገር፥ ከሰው ጋራ መግባባት፤ እነዚህ ሁሉ በየጊዜያቸው የሚገለጹ የእድገት ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በጊዜው ሳይገለጽ ቢቀር ምክንያቱን ቶሎ መመርመር ይገባል፤ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ነገር ግን የሕፃናት ሐኪም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በትልልቅ ከተሞች ስለ ሆነ፥ ልጁን አዝሎ ያን ሁሉ መንገድ ለመሄድ የማይችል ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪም በሥፍራው ተቀምጦ በሩቅ ያለውን ሕፃን በስልክና በቪዲዮ የሚመረምርበት ዘዴ ምን እንደ ሆነ፥ እስከ ምን ድረስም እንደሚታመን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ዘዴው ቀድሞም ነበረ፤ ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮናን የዓለም ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ። በአሜሪካ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ዐዋቂዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ለመለየት ባዘጋጁት ሥርዓት፥ ልጁን የሚያጫውተው ሐኪሙ ሳይሆን ወላጁ ነው። ሐኪሙ ከሩቅ ሆኖ የሚደረገውን ይነግራል፤ ልጁም በስሙ ሲጠራ ዘወር ማለቱን፥ የሰውን ዓይን ማየቱን፥ የፈለገውን በጣቱ ማመልከቱን ይመለከታል።

የምርመራው ተራ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ የልጁ ዕድሜ በወር ተቈጥሮ በትክክል መታወቅ አለበት። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቢሆን፥ እስከ 2 ዓመት ድረስ የጐደለው ጊዜ ከዕድሜው ይቀነሳል። ሁለተኛ፥ ወላጅ ይጠየቃል፤ ልጁን ሌሊትና ቀን የሚያይ እርሱ ነውና። ሦስተኛ፥ ልጁ በለመደው ሥፍራ፥ በለመደው ዕቃ፥ በእናቱ ቋንቋ ሲጫወት ይታያል። የስልኩ መስመር ደካማ ቢሆን አስቀድሞ አጭር ቪዲዮ ተነሥቶ ሊላክ ይችላል።

መለኪያው ግን አንድ ቀን ወይም አንድ ወር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን አስመርምሮ በ1998 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ሕፃን ያለ ደጋፊ መሄድ የሚጀምረው ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጄ ከጎረቤት ልጅ ዘገየ ብሎ መደንገጥ አይገባም። ነገር ግን 18 ወር ሞልቶት የማይሄድ፥ ወይም ያየውን ነገር ለሌላ ሰው በጣቱ የማያሳይ ልጅ ሊመረመር ይገባዋል። በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን የሚያውቀውን ቃል ወይም ሥራ የተወ ልጅ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ።

ከሩቅ የማይደረግም ነገር አለ። የጅማት ጥንካሬ የሚታወቀው በእጅ ተዳስሶ ነው፤ የጆሮም ምርመራ መሣሪያ ይፈልጋል። ደንቆሮ ሕፃን የእናቱን እጅ አይቶ ወይም የወለሉ ንዝረት ተሰምቶት ዘወር ሲል፥ በቪዲዮ የሚያየው ሰው «ይሰማል» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ቋንቋ የሚለመድበት ዋናው ዘመን የሕፃንነት ዘመን ነውና። አለመስማቱ ያልታወቀለት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እልኸኛ ይባላል፥ ባልሰማውም ትእዛዝ ይቀጣል። ስለዚህ ከሩቅ የሚደረገው ምርመራ ማን አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት ይለያል እንጂ፥ በአካል የሚደረገውን ምርመራ አይተካም።

መምህር ሆይ፥ የአንተ ሥራ ለበሽታው ስም ማውጣት አይደለም። ያየኸውን ከነቀኑ ጽፈህ ለወላጅ በስውር ንገር፤ ወላጅም ሲፈቅድ ከጤና ኬላው ሠራተኛ ጋራ አገናኘው። የልጁን ቪዲዮ ከሐኪሙ በቀር ለማንም አታሳይ፤ በልጅነት የወጣ ስም እስከ ሽምግልና ይከተላልና። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ልጁ የዘገየው በእናቱ ኃጢአት ነው የሚለውን ሐሜት አስተዉ። ሐሜት የፈራች እናት ልጇን በጓዳ ትሸሽጋለች፤ የተሸሸገውንም ልጅ በቅርብ ያለ ሐኪም እንኳ ሊያየው አይችልም።