የሰሊጥ ገንዘብ በዓመት አንዴ፣ የጉሊት ገንዘብ በየቀኑ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ፣ የዓመቱ ገንዘብ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይታጨዳል። ፍሬው ከፈነዳ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀጠሮ አይሰጥም። ለአረምና ለአጨዳ «ሳሉግ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከደጋው በብዛት ይወርዳሉ። ሰሊጡ ከተሸጠ በኋላ ግን እስከ ቀጣዩ ምርት ድረስ ገንዘብ ይጠፋል።

የሴቶች ንግድ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይሠራል። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ጠላ መጥመቅ፣ ሻይ ቡና፣ ጉሊት፣ ዶሮና ፍየል ማርባት ትርፋቸው ትንሽ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያስገባሉ። ችግሩ መነሻ ገንዘብ ነው። እንጀራ ሻጯ ማሽላ ርካሽ በሚሆንበት በምርት ወቅት ኩንታል መግዛት ካልቻለች፣ ክረምት ላይ በተወደደ ዋጋ በኪሎ ትገዛለች። ጠላ ጠማቂዋም ከደጋ የሚመጣውን ጌሾ በጥቂት በጥቂቱ ስትገዛ ትርፏን ለነጋዴው ታስረክባለች። ያኔ የቀረው አማራጭ ዘመድ ወይም አራጣ አበዳሪ ነው።

ለዚህ ክፍተት መልስ እንዲሆን የታሰበው አነስተኛ ብድር በሕግ የተደገፈው በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ነው። በአማራ ክልል ሥራው የተጀመረው በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ) ሥር ሲሆን፣ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ራሱን ችሎ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፀደይ ባንክ ተሸጋግሯል።

የአነስተኛ ብድሩ አሠራር በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ የታወቀውን የቡድን ዋስትና ይመስላል። የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዷ መክፈል ቢያቅታት ሌሎቹ ይሸፍኑላታል። መሬት በማይሸጥበት አገር፣ ቤትም ሆነ መኪና ለሌላት ሴት ዋስትናዋ ስሟ ነው። ዕቁብም የቆመው በዚሁ መተማመን ላይ ነው። ጉዳቱ ደግሞ፣ አንዷ በወባ ተይዛ ንግዷ ሲቆም ዕዳው ጉርብትናውን ያሻክራል፤ በጣም ድሃ የሆነችውንም ቡድኖቹ ለማስገባት ያመነታሉ።

ተበዳሪ ከመፈረሟ በፊት ልትጠይቀው የሚገባት ዋና ጥያቄ የወለዱ ስሌት ነው። ለምሳሌ 10,000 ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበድራ ዋናውን በየወሩ እኩል ብትመልስ፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ 975 ብር ይሆናል። እስከ መጨረሻው በ10,000 ብሩ ላይ ከታሰበ ግን 1,800 ብር ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መቶኛ አንድ ሆኖ ክፍያው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የመክፈያው ጊዜም ከገቢው ጋር መግጠም አለበት። ሻይና እንጀራ ሻጭ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብትከፍል ይቀላታል። ፍየል ገዝታ የምታደልብ ግን ፍየሉ ሳይሸጥ ክፍያ ከተጠየቀች ወይ ትበደራለች ወይ ሳይወፍር ትሸጠዋለች። ለሰሊጥ የተወሰደ ብድርም ከአጨዳ በኋላ እንጂ ክረምት ላይ ሊከፈል አይችልም።

ብድር ብቻውን ድህነትን ያጠፋል ማለት ግን አይደለም። አብቁተ በተሳተፈበት፣ በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የሚበደረው ሰው በእጅጉ ቢጨምርም በቤተሰብ ገቢ፣ በልጆች ትምህርትና በሴቶች የመወሰን አቅም ላይ ሰፊ ለውጥ አልታየም። በዚያው ዓመት አብረውት የወጡት የሕንድ፣ የሜክሲኮ፣ የሞሮኮ፣ የሞንጎሊያና የቦስንያ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ የራቀ ውጤት አላገኙም። ገበያ በሌለበት፣ መንገድ በተቆረጠበት ወይም ገንዘቡን ባል በሚያዝበት ቤት፣ በሴትዮዋ ስም የወጣ ብድር ንግዷን አያሳድግም።

መተማ ላይ ገበያው ራሱ አስተማማኝ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ከድንበር ማዶዋ ከተማ ከገላባት ጋር ያለውን ንግድ አናግቷል፤ በአማራ ክልል የተከተለው ግጭትም መንገድን አውኳል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ ይወደዳል፣ ሳሉጉ ይቀንሳል፣ የብድሩ ቀን ግን ይደርሳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ቁጠባ ከብድር አያንስም፤ ከየዕለቱ ሽያጭ የተቀመጠችው ጥቂት ብር ንግዱ በቆመ ወር ዕዳውን ትሸፍናለች። አበዳሪው ተቋም በበኩሉ በእንዲህ ባለው ጊዜ የመክፈያ ቀን ማራዘም ካልቻለ፣ ተበዳሪዋ ወደ ሸሸችው አራጣ አበዳሪ መመለሷ አይቀርም።