ተዳፋቱን በቀመር መመዘን

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ በስማዳና በእስቴም፣ ማረስ ማለት በአብዛኛው ተዳፋት ማረስ ነው። ምድሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የክረምት ጎርፍ ከዚህ ምድር በየዓመቱ ስንት አፈር እንደሚጠርግ ለማወቅ እያንዳንዱን ማሳ አጥሮ ደለሉን መመዘን አይቻልም። መሐንዲሶች ስለዚህ ተዳፋቱን ራሱን ወደ ቅርጽና ወደ ቁጥር ይለውጡታል፤ ሥራው በኢትዮጵያ ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የቀመሩ አገር አሜሪካ ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965፣ ኋላም በ1978 ባሳተሙት ሥራ የአፈርን መከላት ስድስት ነገሮችን በማባዛት አሰሉት፦ የዝናብ ኃይል፣ የአፈር ዓይነት፣ የተዳፋት ርዝመት፣ የተዳፋት መጠን፣ የሰብል ሽፋንና የጥበቃ ሥራ። መነሻቸው ርዝመቱ 22.1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 9 በመቶ የሆነ የሙከራ ማሳ ነበር። ይህን ጋይንት ላይ ሜዳ ቢሉት አያስወቅስም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀመሩ። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ። የምርምሩ መሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ አመቻቸው። አፈሩን በቀለሙ ለይቶ ለጥቁር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25፣ ለቢጫ 0.30 ሰጠው። ለጤፍ ማሳ 0.25፣ ለበቆሎና ለማሽላ 0.10 ተቆረጠ። ጤፍ መሬቱን ደጋግሞ ማረስና ማለስለስ የሚፈልግ፣ በመጀመሪያው ዝናብም አፈሩን ባዶውን የሚተው ሰብል በመሆኑ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አያስገርምም።

የጂኦሜትሪው ጉዳይ ያለው በርዝመቱና በተዳፋቱ ላይ ነው። የተዳፋቱ ርዝመት ከ20 ወደ 80 ሜትር አራት እጥፍ ሲያድግ የርዝመቱ ቁጥር ከ1.0 ወደ 1.9 ይወጣል፤ ተዳፋቱ ከ10 ወደ 40 በመቶ ሲያድግ ግን ቁጥሩ ከ1.0 ወደ 3.8 ይዘላል። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ፣ ቡናማ አፈር ያለው፣ ተዳፋቱ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ 80 ሜትር የሆነ የጤፍ ማሳ ወገቡን ተከትሎ ቢታረስ እንኳ ስሌቱ በሄክታር 180 ቶን ገደማ ያወጣል። ያው ማሳ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራለት ወደ 66 ቶን ይወርዳል። ተራራው አልተነካም፤ የተቆረጠው የጎርፉ መንደርደሪያ ነው። ሁርኒ ለአገሪቱ የእርሻ መሬት በአማካይ የገመተው በሄክታር 42 ቶን ነበርና፣ 180 የሚለው ቁጥር ማሳን ከማሳ ለማነጻጸር እንጂ እንደ ሚዛን ውጤት ሊያዝ አይገባም።

ቀመሩን በወረዳ ስፋት ለማስላት በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የኢንዴቨር መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር ያነሣው የምድር ከፍታ ነው። መጀመሪያ ለአፍሪካ የተለቀቀው መረጃ አንዷ ካሬ 90 ሜትር በ90 ሜትር ነበረች። እንዲህ ያለች ካሬ ከሦስት ጥማድ በላይ ትይዛለች፤ ገደሉንም፣ እርከኑንም፣ ማሳውንም በአንድ ከፍታ ትደፈጥጣቸዋለች። ኋላ የመጣው የ30 ሜትሩ ይሻላል፤ እርከን ግን በእሱም አይታይም።

ከዚህ የከበደውን ጥያቄ ያነሡት በጊዜው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ተመራማሪ የነበሩት ሰይፉ አድማሱ ጥላሁንና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቲንሃውስ ናቸው። ጎርፉ የሚነሣው ከየት ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሞዴል የተፋሰሱን መሬት በሦስት ይከፍላል፦ በክረምት ውኃ የሚጠግብ የግርጌ መሬት፣ አፈሩ ተጠርጎ የሳሳ ጋራ፣ ዝናብ የሚያሰርግ ተዳፋት። ጎርፍ የሚሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛው ውኃውን ውጦ በውስጥ ለውስጥ ወደ ግርጌ ይልካል። ሞዴሉን የፈተኑት 113 ሄክታር ስፋት ባለው በአንጀኒ ነው። ደለሉ የሚበዛው ክረምቱ ሲገባ፣ አዲስ የታረሰው መሬት ገና ሳይሸፈን መሆኑንም ሞዴሉ ያስገባል፤ የዓመት አማካይ የሚሰጠው የአሜሪካው ቀመር ይህን አያይም።

ቀመሩ ቦረቦርንም አያሰላም። ከባሕር ዳር ደቡብ በሚገኘው በደብረ ማዊ የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲነሣ ዳርቻው እየተናደ ይሰፋል። ገበሬው ውኃ እንዳይተኛበት ማሳውን አቋርጦ የሚያወጣው ፈሰስም ጎርፉን አንድ ቦታ ሰብስቦ ይለቀዋል፤ በስድስቱ ቁጥሮች ውስጥ ግን ራሱን የቻለ ቦታ የለውም።

በጋይንትና በስማዳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል። ለእነዚህ ወረዳዎች የሚሰላው ቁጥር ግን የተቃኘው በሌላ ምድር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ምርምር ከተከላቸው ሰባት ጣቢያዎች አንዱም በጎንደር አልነበረም።