ድሬዳዋ፦ ሐዲዱ የቆመባት ከተማ

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ ቀድሞ የነበረው ሰዉና ታክሲው ነው፤ ቀላል ባቡሩ የደረሰው በ2008 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ሐዲዱ ቀደመ፣ ከተማው ተከተለ። «ባቡር የወለዳት ከተማ» መባሏም ከዚህ የመጣ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ በተዘረጋው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ላይ ጣቢያው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ድሬዳዋን አልሆነም። ድሬዳዋን ያሳደጋት የባቡሩ መምጣት ሳይሆን እዚያ መቆሙ ነው፤ ቀጥሎም ከአሸዋው ሥር ያለው ውሃ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት፤ ያን ዳገት በሐዲድ መውጣት ከባድ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ቦታውም፣ የዛሬዋ ድሬዳዋ፣ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራውም ለዓመታት ተገታ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው በተገታባቸው ዓመታት ቡናውና ቆዳው ከግመልና ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ላይ የሚጫነው ድሬዳዋ ነበር። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴ ሱቅ የከፈተው ለዚህ ነው። ከዚራ የምትባለው ሰፈር በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ ተቀየሰች፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ ቀያሽ ሳትጠብቅ በጠባብ መንገዶቿ ሰፋች።

«ታዲያ ሐዲዱ ሲቀጥል ለምን አልከሰመችም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ እዚያው ቀረ፤ ከነቶርኒተሩ፣ ከነበያጁ፣ ከነፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኛው። ሁለተኛው ውሃው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ግመል ይሻገርበታል። ከምድሩ ሥር ግን ከሐረርጌ ደጋ የሚሰርግ ውሃ አለ፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያጠጣ ሰው በዚያ ቆላ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ፓፓያና ዘይቱን ያበቅላል። በዚያው መስመር ላይ ያለችው ኤረርም በፍራፍሬዋ ታውቃለች። ቶሎ የሚበላሽ ፍሬ ፈጣን ማጓጓዣ ይሻልና አትክልቱ ለባቡሩ፣ ባቡሩም ለአትክልቱ ጠቀመ። (ያው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መግደሉም አይዘነጋም።)

የአሮጌው ባቡር መዳከም ከተማዋን አልጎዳም ማለት አይቻልም፤ ጎድቷታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመርም ጣቢያው ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ነው። ቢሆንም የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ድሬዳዋ ነው፤ ዛሬም ጥቅሟ ጭነቱ ሲያልፍባት ሳይሆን ሲራገፍባት ነው።